ግሱ እስኪመጣ

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግንባታ ድርጅት በመሐንዲስነት እሠራለሁ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከተጋባን 12 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆችም አሉን። ባለፈው ወር ባለቤቴ ማስተማሩን ለመተው እያሰበች እንደሆነ የሰማሁት ከእህቷ ነው። ለምን ለእኔ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ‹ሦስት ጊዜ ጀምሬልህ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳልጨርስ መፍትሔ ሰጠኸኝ፤ ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት› አለችኝ። እኔ ግን ሦስት ጊዜ መጀመሯን እንኳ አላስታውስም። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴም ስደውልላት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ‹ቸኩለሃል መሰለኝ፣ ልዝጋልህ› ትለኛለች። በሥራ ቦታ ሰው ሁሉ ችግሩን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ቤቴ ስገባ ለምን እንዲህ ይሆንብኛል? ሰውን ማዳመጥስ በዚህ ዕድሜ ይለመዳል ወይ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብኩት። ባለቤትዎ ሦስት ጊዜ መጀመራቸውን እንደማያስታውሱ ሳይደብቁ መጻፍዎ ልቤን ነክቶታል፤ ራሱን ነጻ ለማውጣት የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚዘለው ያችን ዓረፍተ ነገር ነበርና። እንደ እኔ አስተያየት የእርስዎ ችግር የፍቅር ማነስ አይደለም። ችግሩ ችኮላ ነው፤ ያውም ከመልካም ልብ የሚነሣ ችኮላ። የሚወዱት ሰው ሲጨነቅ ማየት ስለሚከብድዎ ጭንቀቱን ቶሎ ለማራቅ ይፈልጋሉ፤ ጭንቀቱን አርቃለሁ ሲሉም ንግግሩን ያስቆሙታል። ተናጋሪው የሚቀረው ከተቋረጠ ንግግሩ ጋር ነው፤ የእርስዎ መልካም ልብ አይደርሰውም።

ይህ ችኮላ በአማርኛ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ቋንቋችን ግሱን የሚያስቀምጠው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለው ሁሉ ቀድሞ ይመጣና፣ ሰውየው ወደደ ወይስ ጠላ፣ አደረገ ወይስ ሊያደርግ አሰበ የሚለው የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው፤ «አልፈልግም» ወይም «አልቻልኩም» የሚለው አሉታም የሚመጣው እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤትዎ አንድ ምሽት ጫማቸውን እያወለቁ «ማስተማሩን ልተወው…» ብለው ጀመሩ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው «ብዬ ወስኛለሁ» ሊሆን ይችላል። «ብዬ አስቤ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዷ ተማሪዬ ያደረገችው ነገር አንጀቴን በላው» ሊሆን ይችላል። «ብልህ ትቀየመኛለህ?» ሊሆንም ይችላል። የመጀመሪያው ያለቀ ውሳኔ ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ሐሳብ ውስጥ ያለ ሰው ጨዋታ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከማስተማሩ ይልቅ ስለ እርስዎ የቀረበ ጥያቄ ነው። እርስዎ «ልተወው» የምትለዋ ቃል ላይ «ሌላ ትምህርት ቤት እናፈላልግልሻለን» ብለው ከገቡ፣ ከሦስቱ የትኛው ሊመጣ እንደነበረ ለዘለዓለም አያውቁትም። ባለቤትዎም ሐሳቡን እንደገና ከመነሻው ለማንሣት ኃይል ያጣሉ።

ሦስቱንም ጊዜ የሆነው ይህ ይመስለኛል። እርስዎ የማያስታውሱትም ልብዎ ደንዳና ስለሆነ ሳይሆን ለማስታወስ የሚበቃ ነገር ስላልደረሰዎ ነው። የሰሙት የዓረፍተ ነገር መነሻ ነበር፤ መፍትሔውን ሲሰጡ ጉዳዩ በእርስዎ ዘንድ አልቆ ተዘጋ፤ በባለቤትዎ ዘንድ ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

መቸኮል የእርስዎ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነም ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ፣ 10 ቋንቋዎችን ባነጻጸረ ጥናት ውስጥ ተመራማሪዎች አንዱ ጠይቆ ሌላው መልስ እስኪጀምር ያለውን ጊዜ ለክተው በአማካይ የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። አማርኛ በጥናቱ ባይካተትም፣ እንደ አማርኛ ግስን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ጃፓንኛና ኮሪያኛ ነበሩበት። አእምሮ አንዲት ቃል አሰናድቶ ለማውጣት ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። እርስዎ ሒሳብ ያውቃሉና ልዩነቱን ያዩታል፤ መልሳችንን ማሰናዳት የምንጀምረው ሌላው ሰው ገና እየተናገረ ነው ማለት ነው። «ዳቦ ተገዛ?» ለሚል ጥያቄ ይህ ፍጥነት ይጠቅማል። ለጭንቀቱ ቃል እየፈለገ ያለ ሰው ፊት ግን ይኸው ፍጥነት አፍ ያስይዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ መቆየት ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ በክፍል ውስጥ አጥንታ ነበር። ብዙዎቹ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቀው ወይ ጥያቄውን ይደግሙታል፣ ወይ ወደ ሌላ ተማሪ ያልፋሉ። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ባለቤትዎ መምህርት ናቸውና የዚያችን ሦስት ሰከንድ ዋጋ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቋታል። ንግግራቸውን የጨረሱ ሲመስልዎ በሆድዎ ሦስት ይቁጠሩ። መጀመሪያ ሰሞን ይህች ጊዜ ረጅም ሆና ትታይዎታለች፤ እጅዎን የት እንደሚያደርጉት ይጠፋዎታል። ይሁን። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያች ዝምታ ማዶ ነው።

ይህንን የምለው ከራሴ ሕይወት ስለማውቀው ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ለወራት በደወልኩላት ቁጥር ስለ ጉልበቷ ታነሣልኝ ነበር። ደረጃው አስቸገረኝ ትለኛለች፤ እኔም ሐኪም እነግራታለሁ፣ ቅባት እልክላታለሁ፣ ከዘራ ግዢ እላታለሁ። አንድ ቀን ግን በጣም ደክሞኝ ስለነበር የምሰጠው መልስ አልመጣልኝም፤ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ «ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ እኮ አራት ወር ሆነኝ፤ እነዚያ ጓደኞቼ ሞታለች ብለው ይሆን?» አለችኝ። ለካ ጉዳዩ ጉልበቷ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ እጇን ይዤ ወሰድኳት፤ ከቅዳሴ በኋላ ከበው እየሳሙ ያስለቀሷትን ሴቶች አልረሳቸውም። ያን ሁሉ ወር ጆሮዬ ያለ ሥራ አልተቀመጠም፤ የነገረችኝን ሁሉ ሰምቼ ነበር። ነገር ግን መልሴ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገሯ ይቀድም ነበር።

ቶሎ የሚያስቆሙን ደግሞ የምክር ቃላት ብቻ አይደሉም። በአማርኛ የማጽናኛ ቃል ሞልቶናል፤ «አይዞሽ»፣ «ተይው ባክሽ»፣ «ምንም አይደል»፣ «ያልፋል»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን። እነዚህ ቃላት በቦታቸው ሲገቡ መድኃኒት ናቸው፤ በ«አይዞሽ» ላይ የማማርር ሰው አይደለሁም። ገና በነገሩ መግቢያ ላይ ሲባሉ ግን እንደ ድስት ክዳን ናቸው። «ዛሬ ርዕሰ መምህሩ በሰው ፊት…» ብላ ለጀመረች ሴት «ተይው ባክሽ፣ እርሱ ጠባዩ ነው» ማለት፣ በፍቅር ቢባልም እንኳ፣ «ከዚህ በላይ አትንገሪኝ» ማለት ነው። ያው «አይዞሽ» ታሪኩ አልቆ፣ እንባውም ወርዶ፣ ትንፋሽ ሲወሰድ ቢባል ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ «አይዞሽ» የሚላት ሰው ምን እንደደረሰባት የሚያውቅ ሰው ነውና።

እርስዎ ይህንን ጨርሶ የማያውቁት ሰው እንዳይመስልዎ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ያስቡ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ሐዘንተኛዋ እናት ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ በመጨረሻዋ ሌሊት ምን እንደተናገረ ትተርካለች። ሌላ ሰው ሲገባ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ እርስዎም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጊዜ አብረው ይሰማሉ። «ይህንን ነግረሽናል» የሚል የለም። «እንዲህ ብታደርጉ ኖሮ» የሚልም ካለ ሰው ሁሉ ይቆጣዋል። ዝም ብሎ መቀመጥ፣ አንገት ደፍቶ መስማት፣ አልፎ አልፎ ከንፈር መምጠጥ እርዳታ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የእኔ ጭንቀት ይህንን ዕውቀት ለሞት ብቻ አስቀምጠን ለሕያዋን መንፈጋችን ነው። እናትዎ በስልክ አንዱን ታሪክ ለአምስተኛ ጊዜ ሲያወሩልዎ፣ ለቅሶ ቤት የሚያሳዩትን ትዕግሥት ለእርሳቸውም ያሳዩአቸው፤ ታሪኩ የሚደጋገመው ገና ያላለቀ ነገር ስላለበት ነው።

ሌላው እንቅፋት «አውቃታለሁ» የሚለው እምነት ነው። 12 ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚስቱ ንግግር ከመጀመሩ በፊት መጨረሻው የታወቀው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ውስጥ ባልና ሚስት የሆኑ ሰዎች አንዱ የሌላውን አሻሚ አነጋገር እንዲተረጉም ተደርጎ ነበር። ከማያውቁት ሰው አነጋገር ይልቅ የትዳር ጓደኛቸውን በተሻለ ሁኔታ አልተረዱትም፤ ተናጋሪዎቹ ግን የትዳር ጓደኛቸው በተሻለ እንደሚረዳቸው ያምኑ ነበር። የምናውቀው ሰው ላይ ጆሯችን ይሰንፋል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን እንነቃለን። በሥራ ቦታ ሰው ችግሩን ይዞ ወደ እርስዎ መምጣቱም ምናልባት በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ እነርሱ ምን ሊናገሩ እንደሆነ አስቀድመው አያውቁምና እስኪጨርሱ ይሰማሉ። ደግሞም መሠረት ከመጣልዎ በፊት አፈሩን ያስመረምራሉ፤ ቦታው ከዚህ በፊት ከሠሩበት ሰፈር ጎን ነው ብለው ምርመራውን አይዘሉትም። ባለቤትዎንም እንዲሁ ይጠይቋቸው። ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ አዲስ ነገር ከራስዎ አይፍጠሩ፤ እርሳቸው መጨረሻ ላይ የተናገሩትን ቃል ይያዙ። «ሰለቸኝ» ካሉ «ምኑ ነው የሰለቸሽ?» ይበሏቸው። «ስንት ይከፍሉሻል? ጡረታሽስ እንዴት ይሆናል?» የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢዎች ናቸው፤ ነገር ግን የእርስዎ ጥያቄዎች ናቸው፤ ተራቸው በኋላ ነው።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። እርስዎ ስለ ስልክዎ አልጻፉልኝም፤ ሆኖም የዘመናችን ሰው ነዎትና ማታ ባለቤትዎ ሲናገሩ ከእጅዎ ያውጡት፤ ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጥ ሌላ ክፍል መተው ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ስሞታው ስለ ራስዎ ሲሆን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሳልጨርስ ትገባብኛለህ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት «መቼ? እስቲ ቀኑን ጥቀሺ» የሚል ሙግት ነው። በአገራችን የሙግት ባህል ረጅም ዕድሜ አለው፤ በድሮው ችሎት «በላ ልበልሃ» የሚባባሉ ተሟጋቾች አንዱ የሌላውን ንግግር አንዲት ቃል ሳያመልጣቸው ያዳምጡ ነበር፤ የሚያዳምጡት ግን ባላጋራቸውን በአፉ ወለምታ ለመያዝ ነው። ያም ችሎታ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ወደ ማዕድ ቤትና ወደ መኝታ ቤት ሲገባ ትዳርን ችሎት ያደርገዋል። ባለቤትዎ «ሦስት ጊዜ» ሲሉ ቁጥሩ ሁለት ወይም አራት ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ላይ ከተከራከሩ ክርክሩን ያሸንፉና ሚስትዎን ለአራተኛ ጊዜ ያቋርጧቸዋል።

በተቃራኒው ያለውን ወጥመድ ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም። «እሺ፣ ትክክል ነሽ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ፣ በቃ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጨረስም ንግግር ማቋረጥ ነው። ቶሎ የመጣ ይቅርታ ሰሚውን ያሳርፈዋል፤ ተናጋሪዋ ግን የቀራትን የት ታድርሰው? ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ሙሉውን ተናግሮ ሲያበቃ የሚመጣ ይቅርታ ክብደት አለው። ስለዚህ ባለቤትዎ ስለ እርስዎ ሲናገሩ፣ ፊትዎ ቢግልም፣ ከአፍዎ የሚወጣው «እሺ፣ ቀጥዪ» የሚል ብቻ ይሁን። ሲጨርሱ የሰሙትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሯቸውና ተሳስተው እንደሆነ ይጠይቁ። «አይ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ካሉዎት አይዘኑ፤ አሁን ገና እያስረዱዎት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሁልጊዜ ዝም ይበሉ እያልኩ አይደለም። መፍትሔ የማያጡ ሰው መሆንዎ ለቤትዎ በረከት ነው፤ ባለቤትዎም የእርስዎን ምክር የሚፈልጉበት ቀን ብዙ ነው። ነገሩ አልቆ ከሆነና ምን እንደሚፈልጉ ካልገባዎ «እንዲሁ ልስማሽ ነው ወይስ አብረን እንምከርበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በሌላ በኩል፣ ከሥራ ገብተው ራስዎን በማያውቁበት ሰዓት የሰማሁ መስሎ መቀመጥ ከማቋረጥ አይሻልም። «አሁን ልቤ ከአንቺ ጋር አይሆንም፤ ልጆቹ ይተኙና ንገሪኝ» ይበሏቸው። ልጆቹ ሲተኙ ግን አስታዋሹ እርስዎ ይሁኑ፤ እርሳቸው እንዲያስታውሱዎት ከጠበቁ ነገሩ አራተኛ መሆኑ ነው።

አሁን ምን ላድርግ ለሚለው፣ ዛሬ ማታ ትልቅ ቃል ኪዳን ይዘው አይቅረቡ። «ሦስት ጊዜ መጀመርሽን አላስታውስም፤ በዚህም አፍሬያለሁ፤ ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ እስክትጨርሺ እሰማሻለሁ» ማለት ይበቃል። ከእህታቸው መስማትዎን እንደ በደል አያንሡት፤ እህትየዋ የተመረጡት ስለ ሰሙ ነው። ባለቤትዎ «አሁንማ አለፈ» ሊሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አይጫኑ፤ ሆድ ይፍጀው የተባለ ነገር በአንድ ምሽት አይወጣም። ይልቅ በሳምንቱ መጨረሻ ቡና ሲፈላ ከአቦሉ በኋላ አይነሡ። ቶናውንም በረካውንም ይጠጡ። አቦል ላይ የሚወራው የጎረቤትና የገበያ ጨዋታ ነው፤ የሆድ ነገር የሚወጣው ስኒው ሲቀጥንና ልጆቹ ወደ ጨዋታቸው ሲሄዱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እስከ ዛሬ በዚያ ሰዓት ሳይነሡ አይቀሩም።

የእናትዎን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ስልክ ላይ ፊት አይታይም፤ እናትዎ የእርስዎን ልብ የሚያዩት በድምፅዎ ብቻ ነው። በአማርኛ የሚያዳምጥ ሰው የራሱ ድምፅ አለው፤ «እህ» ይላል፣ ሲደነቅ «ውይ!» ይላል፣ ሲስማማ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ይላል። ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ግን «እህ… እህ… እህ…» የሚለው በተመሳሳይ ልክ ነው፤ አሳዛኙም ቦታ ላይ፣ አስደሳቹም ቦታ ላይ ያው ነው። እናት ይህንን ትለያለች። ከዚያ ዓረፍተ ነገራቸው ሳያልቅ «እሺ እማዬ» ይላሉ፤ «እሺ» ደግሞ በእኛ ስልክ አነጋገር የመሰነባበቻ መጀመሪያ ናት። እናትዎ «ቸኩለሃል መሰለኝ» የሚሉት ተቀይመው ላይሆን ይችላል፤ ልጄን አላስቸግረው ብለው፣ እርስዎ ሳይሰናበቱ በፊት እርሳቸው ስንብቱን እየወሰዱልዎት ነው። መኪና ውስጥ ሆነው ወይም በሁለት ስብሰባ መካከል አይደውሉላቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡና ይደውሉ፤ «ቸኩለሃል መሰለኝ» ሲሉዎት «አይ እማዬ፣ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እስቲ ያችን የጎረቤትሽን ነገር ጨርሺልኝ» ይበሏቸው፤ ከዚያ በኋላ እርሳቸው ራሳቸው «በል እንግዲህ» እስኪሉ ድረስ «እሺ» የምትለዋን ቃል ያቆዩአት።